ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፦ ኪሎ አልጨምር ላለው ሰው

ታናሽ ወንድሜ ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት 54 ኪሎ ይመዝን ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ «የምትበላው የት ነው የሚገባው?» እየተባለ ነው ያደገው። የሚለው ሰው ጨዋታ ይመስለዋል። እሱ ግን በሙቀት ቀን እንኳ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ የሚለብሰው ክንዱ እንዳይታይበት ነበር።

አንድ ቀን «በቃ፣ እኔ ኪሎ የምጨምር ሰው አይደለሁም» አለኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ሁላችንም የምናውቀው አባባል ነው፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ቀና ብሎ አየኝና «እሱማ ለእንቁላል ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አባባሉን ደጋግሜ አሰብኩበት። ባሰብኩት ቁጥር በቀጥታ ለእሱ የተነገረ እየመሰለኝ መጣ።

አብዛኛውን ጊዜ የምንለው ለማጽናናት ነው። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ሲያለቅስ እንለዋለን። ከሕመም የተነሳ ሰው «መቼ ነው የምጠነክረው?» ሲል እንለዋለን። ዛሬ የማይሆን የሚመስለው ነገር ጊዜውን ጠብቆ ይሆናል ማለታችን ነው። ለብዙ ሰው ትርጓሜው እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን አባባሉ ከትዕግሥት የበለጠ ነገር የያዘ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። «ቀስ ብሎ» እና «ቀስ በቀስ» አንድ አይደሉም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ፈጣን አይደለም ማለት ነው፣ በቃ። «ቀስ በቀስ» ግን እንደ «ጥቂት በጥቂት» ነው። ትናንት በተደረገው ላይ የዛሬው ይደረብበታል፤ በዛሬው ላይ ደግሞ የነገው። ስለዚህ አባባሉ ዝግ ማለትን አያወድስም። የሚያወድሰው ሳይቋረጥ መደራረብን ነው።

መነሻው የዶሮ ጎጆ ነው። እንቁላል ቢገፉት ይንከባለላል፤ ካልገፉት ባለበት ይቀራል። ዶሮ 21 ቀን ስትታቀፈው ግን ጫጩት ሆኖ ይወጣል፤ ብዙም ሳይቆይ በሁለት እግሩ ይቆማል። «ጫጩት በእግሩ ይሄዳል» ቢባል ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አይሰማውም ነበር። «እንቁላል» መባሉ ነው ጆሮ የሚይዘው። የሚሄደው ያው ትናንት እግር ያልነበረው ነገር ነው።

በእነዚያ 21 ቀናት የሚሆነውን ጠጋ ብሎ ላየው ደስ ይላል። ዶሮዋ እንቁላሉን 37 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ታሞቀዋለች። በመንቆሯ እየገፋች በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጠዋለች። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንቁላሉን ባትሪ ላይ አድርጋችሁ ብታዩት እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ። ባትሪውን ስታጠፉት ያው ተራ እንቁላል ነው። ከውጭ ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ይባስ ብሎ ክብደቱ ይቀንሳል። በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እርጥበት ስለሚተንበት፣ ሲጀመር 60 ግራም የነበረው እንቁላል ሊፈለፈል ሲል ወደ 53 ግራም ገደማ ይወርዳል። ሚዛኑን ብቻ የሚያይ ሰው «ይሄ ነገር እየከሳ ነው» ሊል ይችላል። ውስጡ ግን ልብ፣ አጥንትና እግር እየተሠራ ነው።

አባባሉ የነካኝ እዚህ ላይ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል ይተልቃል» አላለም። በእግሩ ይሄዳል ነው ያለው። ኪሎ መጨመር የሚፈልግ ሰው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው። የምጨምረው ኪሎ የሚሸከመኝ ነው ወይስ የምሸከመው?

ወንድሜ መጀመሪያ የሄደው በሁለተኛው መንገድ ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩት፣ ቺፕስ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ኪሎ ይጨምራል የተባለ ዱቄት። እንዲህ ዓይነት ዱቄቶች አብዛኛው ይዘታቸው ማልቶዴክስትሪን የሚባል ቶሎ ወደ ስኳርነት የሚለወጥ ነገር ነው። በአንድ ወር ሁለት ኪሎ ጨመረ። ክንዱ ግን ያው ነው፤ ትንሽ ቦርጭ ብቻ ብቅ አለችበት። ሆዱ እየተነፋ ሲያስቸግረው ተወው፤ ሁለቱ ኪሎም ተመልሶ ሄደ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ በተፈጥሮው ያለ፣ ፋብሪካ ብዙ ያልነካካው ምግብ ልብላ ብሎ ወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነው። ግን አንድ ችግር አለው። እንዲህ ያለ ምግብ ቶሎ ያጠግባል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች 20 ሰዎችን አስገብተው ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ አበሏቸው። በሁለቱም ጊዜ ያሻቸውን ያህል መብላት ይችሉ ነበር። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን ወደ 500 ካሎሪ የሚጠጋ ትርፍ ወሰዱና አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ያልተቀነባበረውን ሲበሉ ደግሞ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ለመክሳት ለሚፈልግ ሰው ይህ የምሥራች ነው። ለወንድሜ ግን ዳገት ነው። በተፈጥሯዊ ምግብ ኪሎ ለመጨመር ሆድን ማመን አይበቃም፤ ማሰብና ማቀድ ያስፈልጋል።

«የምትበላው የት ነው የሚገባው?» ለሚለው ጥያቄም መልስ አለ። በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት 16 ሰዎችን ለስምንት ሳምንት በየቀኑ 1000 ካሎሪ ትርፍ አበላቸው። አንዱ የጨመረው ስብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ ሌላው ከአራት ኪሎ በላይ ስብ ጨመረ። ዋናው ልዩነት ስፖርት አልነበረም። አንዳንድ ሰው ብዙ ሲበላ ሳያውቀው ይንቀሳቀሳል። እግሩን ያወዛውዛል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። ወንድሜን ሳየው እግሩ ከጠረጴዛ ሥር መቼም ዝም ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ቀጭን ሰው «በልቼ አልጨምር አልኩ» ሲል ውሸታም አታድርጉት። አንዳንዱ የሚበላው በእርግጥ የሚያስበውን ያህል አይደለም። ሌላው ግን እውነቱን ነው።

ታዲያ መደራረቡ በምን ይሁን? እኔና እሱ የጀመርነው ከአንድ ሳህን ነው። ጠዋት 60 ግራም አጃ በውሃ አፍልቶ ይበላ ነበር። ይህ ወደ 230 ካሎሪ ነው። ውሃውን ቅባቱ ባልወጣለት አንድ ብርጭቆ ወተት ቀየርነው። አንድ ሙዝ ተከትፎ ገባበት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጨመርንበት፤ ስኳር የሌለበት፣ ለውዝ ብቻ የተፈጨበት። ሳህኑ ያው ሳህን ነው፤ የሚቀመጥበት ጊዜም ያው ነው። ካሎሪው ግን ወደ 680 ደረሰ። ለብዙ ሰው በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ትርፍ በቂ ነው፤ እሱ ያንን በቁርስ ብቻ አገኘው።

ምስጢሩ ቅባት ላይ ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ግን 4፣ 4 ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት የበሰለ ምስር ላይ ብታፈሱበት ሳይታወቃችሁ 120 ካሎሪ ጨመራችሁ። አንድ እፍኝ አልሞንድ፣ 30 ግራም ያህል፣ ወደ 170 ካሎሪ ነው። አቮካዶም እንዲሁ ነው። የደረቀ ፍራፍሬም ያግዛል። 100 ግራም ወይን 70 ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ 100 ግራም ዘቢብ 300 ገደማ ነው፤ የሄደው ውሃው ብቻ ነው። ሰላጣና ሾርባ ከምግብ በፊት ሆድ ስለሚሞሉ ወደ መጨረሻ ይሂዱ። ውሃም ከምግቡ በፊት ሳይሆን በኋላ ይሻላል። ጥራጥሬ ያላስለመደ ሰው ግን በአንድ ጊዜ አያብዛው፤ ሆድ ይነፋል። እዚህም ላይ ቀስ በቀስ ነው።

እንቁላልን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልናገር፤ በጣም ያሳስበኛልና። ጥሬ እንቁላል መጠጣት ሰውነት ይሠራል ብለው የሚያምኑ ብዙ ወጣቶች አሉ። በ1998 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ይህን ፈትኖት ነበር። ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን ውስጥ ሰውነት 91 ከመቶ ያህሉን ሲጠቀም፣ ከጥሬው የተጠቀመው 51 ከመቶ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ አለ። እባካችሁ አብስላችሁ ብሉት። አንድ ትልቅ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በጥሬነቱ ከሚሰጠው በላይ በመብሰሉ ይሰጣል።

አሁን ወደ እግሩ እንመለስ። ምግብ ብቻውን እግር አያወጣም። በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወንዶች በፈቃደኝነት ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ረሃብ ቆይተው ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። እንደገና መብላት ሲጀምሩ ቀድሞ የተመለሰላቸው ስብ ነው፤ ጡንቻቸው ዘግይቶ መጣ። ሰውነት ትርፍ ሲያገኝ፣ ጡንቻ እንዲሠራበት የሚያስገድደው ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱ ክብደት ማንሳት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ ዱምቤል ካለም ዱምቤል፤ በየጊዜው ትንሽ እየከበደ ይሂድ። ፕሮቲኑ ለእንዲህ ዓይነት ሰው በኪሎ 1.6 ግራም ቢሆን ይበቃል። 54 ኪሎ ለሆነ ሰው በቀን 86 ግራም ገደማ ማለት ነው። ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከእርጎ፣ ከባቄላ፣ ከዓሣና ከሥጋ ሲደማመር ብዙ አይደለም። እንቅልፍም አይረሳ።

ሚዛን ላይ በየቀኑ ወጥቶ መጨነቅ ግን አያስፈልግም። በጠጡት ውሃና በበሉት ጨው ብቻ ክብደት በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሳይበሉ መመዘንና የሳምንቱን አማካይ ማየት ይሻላል። በሳምንት ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ከተጨመረ መንገዱ ትክክል ነው። ለወንድሜ ሩብ ኪሎ ነበር። ሩብ ኪሎ በመስተዋት አይታይም። ባትሪውን ስታጠፉት የሚታየው ያ ተራ እንቁላል ይታወሳችሁ።

አንድ ነገር ግን በትዕግሥት የሚታለፍ አይደለም። ሳይፈልግ በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ አምስት በላይ የቀነሰ ሰው ስለ ምግብ ከማሰቡ በፊት ሐኪም ይየው። የእንቅርት ዕጢ በሽታ፣ ስኳር፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የአንጀት ችግር፣ ድብርትም ያከሳሉ። ለረጅም ጊዜ ምግብ አጥቶ በጣም የመነመነ ሰውም በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት የለበትም። በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ማዕድን በድንገት ወርዶ ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል። እሱን በሕክምና ክትትል ነው የሚመግቡት።

በሰባተኛው ሳምንት ወንድሜን ኃይለኛ ጉንፋን ጣለው። አራት ቀን በቅጡ አልበላም፤ አንድ ኪሎ ወረደ። ደውሎ «አላልኩህም? ተመልሶ ሄደ» አለኝ። ስለ ዶሮዋ ነገርኩት። የታቀፈች ዶሮ 21 ቀን ሙሉ ከጎጆዋ አትነሳም ማለት አይደለም። በቀን አንድ ጊዜ ያህል ተነስታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትመለሳለች። እንቁላሉ በእነዚያ ደቂቃዎች በመጠኑ ቢቀዘቅዝም አይበላሽም። የሚበላሸው ሳትመለስ ስትቀር ነው። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ነገ ቁርስ እጀምራለሁ» አለ።

በአምስተኛው ወር መጨረሻ 59 ኪሎ ገባ። ለቁመቱ ከጤናማው ክብደት ዝቅተኛ ወሰን የሚያልፈው ከ58 ኪሎ ተኩል ጀምሮ ስለሆነ፣ ያቺን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። አሁን 63 ነው። ባለፈው ሳምንት ቤት ሲመጣ ፀሐዩ ከባድ ነበር። አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሷል። አየሁት፤ ስለ ክንዱ ግን ምንም አላልኩትም።