ሬይንቦ ሎሪኪት ምንድን ነው?

ሬይንቦ ሎሪኪት ወይም በእኛ አባባል «የቀስተ ደመና ሎሪኪት»፣ ከሰሜን ኩዊንስላንድ እስከ ደቡብ አውስትራሊያ ባለው የአገሪቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚኖር፣ የአበባ ወለላና ብናኝ እየበላ የሚያድር የበቀቀን ዝርያ ነው። ከጭራው ጋር ሲለካ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ራሱ ሰማያዊ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ ደረቱ ብርቱካናማ፣ መንቆሩ ቀይ ነው፤ ወንዱንና ሴቷን በመልክ መለየት አይቻልም።

ከቀለሙ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ምላሱ ነው። አብዛኞቹ በቀቀኖች ፍሬና ጥሬ በመንቆራቸው ፈልቅቀው ሲበሉ፣ ይህ ወፍ አበባው ውስጥ ምላሱን በሰደደ ቁጥር ጫፉ ላይ የተኙት ጥቃቅን ዘንጎች እንደ ቡርሽ ፀጉር ብድግ ይሉና ወለላውንም ብናኙንም ጠርገው ያወጣሉ። የወገኑ ሳይንሳዊ ስም ትሪኮግሎሰስ የተባለውም በግሪክኛ «ፀጉር» እና «ምላስ» ከሚሉት ቃላት ተገጣጥሞ ነው። ወለላው ጉልበት ይሰጠዋል፤ ፕሮቲን የሚያገኘው ግን በአብዛኛው ከብናኙ ስለሆነ፣ ሰዎች ወፉን ከመውደዳቸው የተነሳ የሚያቀርቡለት በስኳር ወይም በማር የራሰ ዳቦ ሆዱን ቢሞላውም ሰውነቱን ይጎዳዋል። ሲመገብ ግንባሩ ላይ የተነሰነሰውን ብናኝ ይዞ ወደ ሌላ ዛፍ ስለሚበር፣ አበባዎቹን በማዳቀል የበላበትን ይከፍላል።

ከሚያዘወትራቸው ዛፎች መካከል ባህር ዛፍና ግራቪሊያ ይገኛሉ። ሁለቱም ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከዚያው ከአውስትራሊያ ነው፤ እኛ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የምንቆርጠው ባህር ዛፍ በትውልድ አገሩ ሲያብብ የእነዚህ ወፎች መንጋ ከንጋት ጀምሮ እየተንጫጫ ይሰፍርበታል።

ጥንዶቹ ጎጆ አይሠሩም፤ በዛፍ ግንድ ፍልፍል ውስጥ ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ጥላ ሦስት ሳምንት ተኩል ያህል ትታቀፋለች። ይህ የፍልፍል ፍላጎት በራሷ በአውስትራሊያ ችግር አስከትሏል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምዕራቡ ዳርቻ በምትገኘው በፐርዝ ከተማ ከሰው እጅ የወጡ ጥቂት ሎሪኪቶች ተራብተው፣ የአካባቢውን ነባር ወፎች ከፍልፍላቸው እያስለቀቁና የአትክልተኞችን ፍራፍሬ እያበላሹ ስላስቸገሩ፣ በምሥራቁ በሕግ የሚጠበቀው ወፍ በፐርዝ እንደ ተባይ ይቆጠራል።