«ቁጥሩ ልክ ነው»፦ ስለተሞረደ ዘንግ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዘይት የሚያንጠባጥብ ማሽን በመጣ ቁጥር የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ዘንጉ ተለክቷል፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ጥፋቱ የማገጃው ጎማ ነው።» የሚሽከረከረውን ዘንግ ከብቦ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ይህ ጎማ ይቀየራል፤ ዘይቱ ግን መንጠባጠቡን አይተውም።

ቁጥሩ የሚባለው አር ኤ ነው፤ የገጹ ሻካራነት አማካይ። አማካይ ስለ ጭረቱ ቅርጽም ሆነ አቅጣጫ አይናገርም። ሹል ጉብታ የበዛበት ገጽና ጠፍጣፋ ሆኖ ቦይ ያለው ገጽ እኩል 0.4 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ሊያስነብቡ ይችላሉ። አንደኛው ጎማውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ሌላው ዘይት ይይዝለታል።

አቅጣጫው ከዚህ ይብሳል። የሚሽከረከረው የመሞረጃ ድንጋይ ዘንጉን እየሞረደ ወደ ጎን ሲጓዝ፣ ለዓይን የማይታይ የብሎን ጥርስ የሚመስል ጠመዝማዛ ጭረት ሊተው ይችላል። ዘንጉ ሲሽከረከር ጭረቱ ዘይቱን እንደ ፓምፕ ወደ ውጭ ይገፋል። በተቃራኒው ሲዞር ወደ ውስጥ ስቦ የጎማውን ከንፈር ያደርቀዋል፤ የደረቀ ጎማ በሰበቃ ይግላል፣ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል።

ጎማው ሦስት ጊዜ የተቀየረለት ዘንግ አንድ ቀን መጣልኝ። ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ በውኃ ልክ አስተካክዬ አሰርኩት፤ ቀጭን ዘይት ቀባሁት። አንድ ጫፉ የታሰረ፣ በሌላው ጫፉ ትንሽ ክብደት የተንጠለጠለበት ክር ላዩ ላይ አሳልፌ ዘንጉን በዝግታ አዞርኩት። ክሩ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሄደ። አዟዟሩን ስቀይር ወደ ግራ ተመለሰ። በሁለቱም አዟዟር ወደ አንድ ወገን ቢሄድ ኖሮ ዘንጉ ሾጣጣ ነው እል ነበር። ሲመላለስ ግን ለጠመዝማዛው ጭረት ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ድንጋዩን ወደ ጎን ሳናንቀሳቅስ በቀጥታ አስገብተን፣ ብልጭታው እስኪጠፋ አቆይተን ሞረድነው። መንጠባጠቡ ቆመ።

«መስታወት ከመሰለ ሰበቃ የለውም» የሚሉም አሉ። ለዘይት ማገጃ ጎማ በተለምዶ የሚጠየቀው ከ0.2 እስከ 0.8 ማይክሮን ነው፤ የታችኛው ወሰን ያለምክንያት አልተቀመጠም፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰ ገጽ ዘይት አይይዝም። የሞተር ሲሊንደር ግድግዳ ላይ የተሻገሩ ጭረቶች ሆን ተብለው የሚሠሩት ዘይት እንዲያድርባቸው ነው።

«ደቃቅ ድንጋይ ካለ ይበቃል።» አይበቃም፤ ደቃቅ ድንጋይ ቀዳዳዎቹ በብረት ብናኝ ከተደፈኑ ብረቱን ያቃጥለዋል። ፊቱ በአልማዝ ተፍቆ ይከፈት።

ንድፍ የምትሠሩ ደግሞ 0.4 ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። «ጠመዝማዛ ጭረት የሌለበት» የሚለውን አብራችሁ ጻፉ፤ ያልተጻፈለትን ሠራተኛ አትውቀሱ።