ሎስለስ ምንድን ነው?

«ይኼኛው የኢንተርኔት ሙዚቃ አገልግሎት ሎስለስ ስላለው የድሮ ዘፈኖቻችን ጥርት ብለው ይሰማሉ» የሚል አስተያየት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩ አላውቅም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «192 ኪሎኸርዝ ላይ (ድምፁ በሰከንድ 192 ሺህ ጊዜ ሲለካ) የካሴቱ ሽሽታ ይጠፋል» ብሎ ሲከራከር አየሁ። አይጠፋም! ሎስለስ ከሆነማ ሽሽታው ሳይቀነስ ነው የሚደርሰው።

ኤምፒስሪ የሚባለው የድምፅ ፋይል ጆሮ አያስተውለውም ያለውን እየጣለ ፋይሉን ያቀላል። የጣለው አይመለስም። ፍላክ የሚባለው ፋይል ግን ምንም ሳይጥል አጥፎ ያስቀምጣል፤ ሲዘረጋ ያው የነበረው ነው። ሎስለስ ይኼ ነው። አሳታሚው ለአገልግሎቱ ከላከው ፋይል ምንም አልጎደለም ማለት ነው። የተላከው ፋይል ጥሩ ነው አላለም።

ጤፍ አስቡ። ሹፌሩ ከጎጃም ጭኖ አንዲት ፍሬ ሳያፈስ አዲስ አበባ አደረሰ። ሹፌሩ ሎስለስ ነው። ጤፉ ከአውድማው አፈር ተቀላቅሎበት ከተነሳ ግን አፈሩንም ሳያፈስ አድርሶታል። እንጀራው አሸዋ አሸዋ ቢል መጠየቅ ያለበት ያበጠረው ሰው ነው። 24 ቢት (እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል በዝርዝር እንደሚጻፍ)፣ 192 ኪሎኸርዝ የሚባለው ደግሞ የጆንያው ስፋት ነው። ሃምሳ ኪሎ ጤፍ መቶ ኪሎ በሚይዝ ጆንያ ቢገባም ሃምሳ ኪሎ ነው።

የሲዲ ልክ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ነው። ይህ እስከ ግማሹ፣ ማለትም እስከ 22 ኪሎኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ 20 ገደማ ላይ ያበቃል። ካሴት ይህንንም ጆንያ አይሞላውም። (24 ቢት ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀረጽ በጣም ይጠቅማል። እኔም ያለሱ አልቀርጽም። ማዳመጥ ግን ሌላ ነገር ነው።)

ሥራዬ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ስለሆነ አፈሩ የት እንደሚገባ አያለሁ። የቴፑ ሄድ (ካሴቱን የሚያነበው ክፍል) ትንሽ ከተጣመመ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። በካቻቢቴ ጥቂት ማዞር ብቻ በቂ ነበር። ሞተሩ ከፈጠነ ክራሩ ከቅኝቱ ይወጣል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይቀጥናል። በዚያ ላይ ካሴቱ ራሱ ከሌላ ካሴት የተቀዳ፣ ፋይሉም አንዴ ኤምፒስሪ ሆኖ የነበረ ሊሆን ይችላል። ወደ ዋቭ (ሳይታጠፍ የሚቀመጥ የድምፅ ፋይል) ተቀይሮ ሲላክ አገልግሎቱ ያለምንም ማጭበርበር «ሎስለስ» ብሎ ይጽፍበታል።

እና የቱ ይሻላል? አፕል ሚውዚክ (ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ክፍያ)፣ ታይዳል፣ ኮበዝና አማዞን እስከ 24 ቢት 192 ድረስ ይሄዳሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. ሎስለስ የጀመረው ስፖቲፋይ 44.1 ላይ ይቆማል። የተላከላቸው ፋይል አንድ ከሆነ ልዩነቱን በጆሮ ለይቶ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስታወዳድሩ መጀመሪያ የድምፁን መጠን እኩል አድርጉ። ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ብዙው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው።

«መቶ ሚሊዮን ዘፈን አለን» የሚለውንም ተዉት። ያው ዘፈን ሁለት ሦስት አልበም ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። እኔ የማየው የትኛው ቅጂ እንደሆነ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፈረንሳይ የወጣው የኢትዮጲክስ ተከታታይ ብዙዎቹን የሸክላ ዘመን ሥራዎች ተጠንቅቆ አውጥቷል። የዚያ ቅጂ ኤምፒስሪ፣ ከካሴት ተቀድቶ ከተጫነው ሎስለስ በብዙ ይበልጣል። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ፤ የቤዙን መስመር ብቻ ተከተሉ።

በመጨረሻ፣ ጤፉ ከመኪናው ወርዶ ቤት መግባት አለበት። የተለመደው ብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን እንደገና እየቀነሰ ነው የሚያስተላልፈው። በሲዲ ልክ አራት ደቂቃ ዘፈን ሳይታጠፍ 42 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ፍላክ ከዚያ ያነሰ ይወስዳል። በ320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ግን 10 እንኳ አይሞላም። የሞባይል ዳታ ላይ ሆናችሁ በብሉቱዝ የምትሰሙ ከሆነ ሎስለሱን አጥፉት። ቤት ስትገቡ በሽቦ ማዳመጫ አብሩት።