ቀረጥ ተነሳ ማለት ዘይት ረከሰ ማለት አይደለም

አዳማ ውስጥ ትራንዚተር (የአስመጪን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ) ከሆናችሁ ሰርግም ለቅሶም ላይ የምትጠየቁት አንድ ነው። «ቀረጥ ተነስቷል አይደል? ታዲያ ዘይት ለምን አልረከሰም?» ሰለቸኝ! አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ስለ ቀረጥ የምሰማቸውን ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልለፋቸው። ቀረጥ ጅቡቲ ላይ አይከፈልም። በመልቲሞዳል፣ ማለትም ባሕሩንም የብሱንም በአንድ የጭነት ሰነድ የሚመጣው ኮንቴይነር አፍንጫችን ሥር ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ይመጣል፣ ዲክላራሲዮኑም (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) እዚሁ ይሠራል። በፍራንኮ ቫሉታ የገባ ሁሉም ከቀረጥ ነፃ አይደለም። አስመጪው ከባንክ ዶላር ሳይጠይቅ በራሱ ምንዛሪ አስገባ ማለት ነው እንጂ ቀረጡ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ ቀረጥ 30 በመቶ፣ ቫት 15፣ ሱር ታክስ (ገቢ ዕቃ ላይ የሚጨመር ሌላ ታክስ) 10 ደምራችሁ «55 በመቶ» የምትሉም አላችሁ። እንዲህ አይደመርም። ቫቱ የሚሰላው ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ነው፣ ሱር ታክሱ ደግሞ ቫቱም ላይ ጭምር። የ100 ሺህ ብር ዕቃ 64,450 ብር ይከፈልበታል፣ ያውም ዊዝሆልዲንጉን (በቅድሚያ የሚያዘውን የገቢ ግብር) እና ሌሎች ክፍያዎችን ሳንቆጥር። 100 ሺው ውስጥም የመርከብ ጭነትና ኢንሹራንስ አለበት።

አሁን ወደ ዘይቱ። በ2013 ማብቂያ መንግሥት ስንዴ፣ የምግብ ዘይት፣ ስኳርና ሩዝ ከቀረጥና ታክስ ነፃ እንዲገቡ ፈቀደ። የእህቴ ልጅ ፖስታ ቤት አካባቢ ሱቅ አላት። ደንበኞች ስልካቸው ላይ ዜናውን እያሳዩ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን ቀንሺ ይሏት ጀመር። አንዲት እናትማ «አንቺም ሌባ ሆንሽ?» ብለዋት ጥለው ወጡ። ጀሪካኑ ግን የተገዛው ከዜናው በፊት ነበር።

የቀረው መንግሥት የሚወስደው ብቻ ነው። የፓልም ዘይቱ ራሱ የሚገዛው በዶላር ነው። በ2014 ሚያዝያ ኢንዶኔዢያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ የኛ ዜሮ ቀረጥ ምን ያደርጋል? ከዚያ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የ1 ሺህ ዶላር ዘይት 57 ሺህ ብር የነበረው ከ100 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው፣ ቀረጡ ዜሮ ቢሆን እንኳ። ቀረጥ ያለበት ዕቃማ ይብሳል። መቶኛው ሳይነካ የሚከፈለው ብር ያብጣል።

ነጋዴው ሁሉ ንጹሕ ነው አላልኩም። መጋዘን ቆልፎ ዋጋ የሚጠብቅ ሞልቷል። እሱን ግን ቀረጥ በማንሳት አታስተካክሉትም።

ትንሽ ካፒታል ይዛችሁ ልታስመጡ ያሰባችሁ ደግሞ «ምግብ ስለሆነ ነፃ ነው» ብላችሁ አትግቡበት። ነፃ የሆነው በስሙ የተፈቀደው ብቻ ነው፣ ብስኩት ስለሚበላ ብቻ አያመልጥም። ከማዘዛችሁ በፊት የታሪፍ ቁጥሩን (ቀረጡ የሚወሰንበትን የዕቃ መለያ) አጣሩ። ኢንቮይሱ ላይ ዋጋ ዝቅ አስደርጉ የሚላችሁንም አትስሙ፣ ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው። አንዱ ደንበኛዬ እንቢ ብሎኝ ዋጋውን ዝቅ አስደረገ። ስለ ዋጋው ሲከራከር ኮንቴይነሩ ሞጆ ቆሞ ኪራይ ይቆጥርበት ነበር፣ በመጨረሻም ልዩነቱን ከነቅጣቱ ከፍሎ አወጣ።