በአዲስ አበባ ዳርቻ የቆዩ ሳንቲሞች የኢንተርኔት ጨረታ

የቆዩ ሳንቲሞች የኢንተርኔት ጨረታ ከመገበያያነት የወጡ ወይም ለመታሰቢያ የተመቱ ሳንቲሞች በስልክና በኮምፒውተር ዋጋ እየተጠራባቸው ለሰብሳቢዎች የሚሸጡበት ግብይት ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከአያትና ከለገጣፎ ጀምሮ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በጀሞ ዞሮ እስከ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ፣ ግብይቱ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በቴሌግራምና በፌስቡክ ቡድኖች በብር የሚካሄደው የአገር ውስጥ ጨረታ ነው። ሌላው ኢቤይን በመሳሰሉ የውጭ ገበያዎች በዶላርና በዩሮ የሚካሄደው ነው። የሚሸጠው ሳንቲም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሲሆን ደንቡና አደጋው ግን ለየቅል ነው።

ከስልኩ በፊት ጠገራ ብር መሸጥ የፈለገ ሰው ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ወይም መርካቶ ካለ ብር ሠሪ ዘንድ ይሄድ ነበር። እዚያ የሚሰማው የአንድ ሰው ዋጋ ነው። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ለደረሰ ሻጭ ‹ልመለስበት› ማለት ቀላል አይደለም፤ ገዢውም ይህን ያውቃል። ጨረታው የለወጠው ይህንን ነው። ሻጩ ቤቱ ተቀምጦ ብዙ ገዢዎችን ያጫርታል። ጨረታው የማይለውጠው ነገርም አለ፤ ስልክ ሳንቲም አይመዝንም። ዋጋው በስክሪን ላይ ቢቆረጥም እውነተኛነቱ የሚታወቀው እጅ ላይ ሲወድቅ ነው። የዚህ ገበያ ጠባይ በሙሉ ከዚህ ክፍተት የሚመነጭ ነው ማለት ይቻላል።

ምን ይሸጣል?

በአገር ውስጥ ጨረታ ጠገራ ብር ግንባር ቀደም ነው። የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ሳንቲም 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከክብደቱ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ገዢ በ1780 እ.ኤ.አ. ስትሞት ዓመቱ በሳንቲሙ ላይ እንዳለ ቀረ። ቪየና ከዚያ ወዲህም ያንኑ ዓመት እየጻፈች መምታቷን ቀጠለች። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮም ገባችበት፤ ቀጥሎ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ተከተሉ። የሮም አገባብ እኛን ይመለከታል። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ባላገሩ የሚያምነው ገንዘብ ይህ እንደሆነ አውቃ ነበርና የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወሰደች። ኦስትሪያ ዛሬም ትመታዋለች።

ስለዚህ ‹የ1780፣ ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ› የሚለው ማስታወቂያ፣ በየቡድኑ በየቀኑ የሚለጠፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅንነት ያለው ስሕተት ነው። ቅድመ አያቴ ያወረሱኝ የተባለው ብር ከአያት ያነሰ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። የተመታበትን ከተማ የሚለዩት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፤ የንስሩ የጅራት ላባ አሰካክ፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎች፣ የፊደሎቹ አጣጣል። የድሮ ነጋዴ ዕንቁውን ቆጥሮ፣ ጎድሎ ካገኘው አልቀበልም ይል እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ያንኑ የሚያደርገው ፎቶውን በሁለት ጣት እየለጠጠ የሚያየው ተጫራች ነው።

ቀጥሎ የዳግማዊ ምኒልክ ገንዘቦች ይመጣሉ። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ መመታት የጀመረው የምኒልክ ብር ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲስተካከል የተደረገ ሲሆን የብር መጠኑ 83.5 በመቶ ነው። ከሥሩ አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብና ግርሽ ነበሩት። ሕዝቡ ጠገራውን ስለለመደ አዲሱ ብር ሙሉ በሙሉ ሊተካው አልቻለም። ለሰብሳቢ ግን ይህ ሲሳይ ነው። ሰብሳቢዎች ሁለት ነገር ያያሉ፤ ዓመቱንና የአንበሳውን እግር፣ ማለትም ወደ ላይ የተነሣው የፊት እግር ቀኙ ነው ወይስ ግራው። ‹ቤሳ ቤስቲን የለኝም› የሚለው የዘመናችን ሰው እውነት ቤሳ የተባለው የድሮ ሳንቲም በእጁ ቢገኝ ለጨረታ ባቀረበው ነበር።

‹1936 ዓ.ም.› የተጻፈባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በሥራ ላይ ከዋለው ገንዘብ ጋር የወጡ ናቸው። ዓመቱ ሳይቀየር ለረጅም ጊዜ ስለተመቱ እንደልብ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ርካሽ ናቸው። ከነሱ መካከል ሁለቱ ግን ታሪክ አላቸው። ሽልንግ የምንለው ባለ 50 ሳንቲም የተሠራው ከብር ሲሆን፣ ስሙኒ የምንለው ባለ 25 ሳንቲም ከመዳብ ነው። መጀመሪያ ሁለቱም ክብ፣ ስፋታቸውም ተቀራራቢ ነበር። አጭበርባሪዎች ስሙኒውን ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ሲያዘዋውሩት መንግሥት ክቡን ስሙኒ ሰበሰበና ዙሪያው የተሸነሸነውን አወጣ። ‹ክቡ ስሙኒ› በጨረታ ከተሸንሻኙ ይልቅ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ወቅት የሐሰተኛ መሥሪያ የነበረው ራሱ ተፈላጊ ሆነ።

የደርግ ዘመን የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች በጥቅል፣ በኪሎም ጭምር ይቀርባሉ፤ ሰብሳቢ ብዙም አይሻማባቸውም። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ የገንዘብ ለውጥ ከተደረገ ወዲህ ግን ያልታጠፉ የቀድሞ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች ከሳንቲሞቹ ጎን ለጎን ጨረታ ላይ መታየት ጀምረዋል።

ለምን ዳርቻው? አንዱ ምክንያት የቤት መቀየር ይመስለኛል። ከመሀል ከተማ የድሮ ሰፈሮች ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ሳጥኑን ይፈትሻል፤ የእናት ሳጥን ሲከፈት ደግሞ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አይታጣም። ሌላው ምንጭ ከከተማው ጋር የተያያዘው ገጠር ነው። ጠገራ ብር በብዙ አካባቢ የአንገት ጌጥ ስለነበረ ጆሮ የተበየደለት ወይም የተበሳ ብር ከዚያ ይመጣል። የተበሳ ብር ለሰብሳቢ ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል።

የቴሌግራሙ ጨረታ

ሻጩ ቢያንስ ሁለት ፎቶ ይለጥፋል፤ የዘውዱንና የጎፈሩን ጎን። ከሥሩ መነሻ ዋጋ፣ አነስተኛ ጭማሪና መዝጊያ ሰዓት ይጽፋል። ተጫራቾች ከፎቶው ሥር ቁጥር ይጽፋሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ትልቁን የጻፈው አሸናፊ ይሆናል። ሲነገር ቀላል ነው።

ችግሩ መዝጊያው ላይ ነው። ‹ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል› የሚል ጽሑፍ ለሰሚት ነዋሪ ግልጽ ነው፤ ስልኩ ግን 9 ሰዓት ይለዋል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለው ወገን ደግሞ ‹3 ሰዓት› የቱ እንደሆነ ሳይገባው ያልፈዋል። ልምድ ያላቸው አጫራቾች ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፋሉ። በመጨረሻው ደቂቃ አዲስ ዋጋ ከገባ ጨረታው አምስት ደቂቃ እንዲራዘም የሚያደርጉም አሉ፤ ይህ ደንብ ከሁሉ የሚጠቅመው መብራት ወይም ኔትወርክ የሄደበትን ሰው ነው። ቴሌግራም የተጻፈን መልእክት ለማረምና ለማጥፋት ስለሚፈቅድ ‹የታረመ ዋጋ አይቆጠርም› የሚለው ሕግ የግድ ያስፈልጋል።

ሁለት ሕመሞች አሉ። አንደኛው አጫፋሪ ነው፤ ሻጩ በጓደኛው ወይም በራሱ ሌላ ስልክ ዋጋ እያስጨመረ እውነተኛውን ተጫራች ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለተኛው አሸንፎ የሚጠፋ ነው። ለሁለተኛው መፍትሔው ቀብድ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ስላለ ትንሽ ቀብድ በደቂቃ ማስገባት ይቻላል። ለመጀመሪያው ግን ከዋጋ ጣሪያ በቀር መድኃኒት የለም። ከፍተኛውን ዋጋ ጨረታው ሳይጀመር ወረቀት ላይ ጽፎ ከዚያ ያላለፈ ሰው አጫፋሪ አይጎዳውም።

ርክክቡ ፊት ለፊት ነው፤ ታክሲ ተራ አጠገብ ካለ ካፌ ወይም ባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በሌለበት ሰፈር ‹ከሦስተኛው ብሎክ ጀርባ› ብሎ ሳንቲሙን በሞተረኛ መላክ ለጸብ በር ይከፍታል። ገዢው ከመክፈሉ በፊት የሚመዝነውም እዚያው ነው።

የውጭው ጨረታ

ኢቤይ በ1995 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን የአጨራረቱ ስልት ከቴሌግራሙ ይለያል። ተጫራቹ ከፍተኛ ዋጋውን በምስጢር ይሰጣል፤ ሥርዓቱ ራሱ ተፎካካሪውን ለመብለጥ የሚበቃውን ብቻ እየጨመረ ይሄዳል። አንዱ 60 ዶላር ቢመድብና ተከታዩ 41 ላይ ቢቆም አሸናፊው የሚከፍለው 42 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ እውነተኛውን ጣሪያ አንዴ መስጠት አያስከፋም። ቢሆንም ብዙዎች የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ይጠብቃሉ። ካሊፎርኒያ ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሽት ሲል የሚዘጋ ጨረታ በበጋ ወራታቸው እኛ ጋ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ሱሉልታ ላይ በዚያ ብርድ ተነሥቶ ስልክ የሚነካ ሰው የምር ሰብሳቢ ነው።

የአማርኛ አንባቢ በዚህ ገበያ ላይ አንድ ብልጫ አለው። የእኛ ሳንቲሞች ዓመታቸው በግእዝ ቁጥር፣ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ነው። የውጭ ሻጭ ፲፰፻፹፯ን ከ፲፰፻፹፱ መለየት ያቅተዋል፤ ፯ እና ፱ በዓይኑ አንድ ናቸው። አንዱ የምኒልክን ብር ‹1887› ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለውጦ ‹1895›፤ ሌላው ‹ዓመት የለውም›። የ1936ቱን ሳንቲም በአውሮፓ 1936 የተመታ አድርገው የሚያቀርቡም አሉ። ሁሉንም አጻጻፍ እየቀያየረ የሚፈልግ ሰው ሌላው ያላየውን ያገኛል።

እንቅፋቱ ክፍያ ነው። የውጭ ገበያ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ብዙው ሰው የሚጫረተው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ነው፤ ሳንቲሙም በመንገደኛ ይመጣል። ዋጋው ላይ የመላኪያና የቀረጥ ወጪ ይታከልበታል። በጨረታ ቤቶች ደግሞ ከተጠራው ዋጋ በላይ ገዢው የሚከፍለው ድርሻ አለ፤ ይህን ያልቆጠረ ሰው አሸነፍኩ ባለ ማግስት ይደነግጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የአገር ውስጡ ዋጋም ከዶላሩ ጋር አብሮ ወጥቷል። በአንድ ጠገራ ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ፤ የማዕድኑ ዋጋ የሚቆረጠው ደግሞ በዶላር ነው።

እውነተኛውን መለየት

ለጠገራና ለምኒልክ ብር የሚያስፈልገው መሣሪያ ርካሽ ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ሳንቲሙን ከሳበው ነገሩ አልቋል፤ ብር በማግኔት አይሳብም። የወርቅ ሚዛን ከ28 ግራም በብዙ የራቀ ክብደት ካሳየ ጥያቄ አለ። ከሁሉ የሚሻለው የውሃው ፈተና ነው። ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ንባቡን ዜሮ ማድረግ፣ ከዚያ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ ታችና ጎን ሳይነካ ማጥለቅ። ለእውነተኛ ጠገራ ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ያሳያል። ከቀላል ብረት የተሠራ ሐሰተኛ ክብደቱን እንዲያሟላ ስለሚወፍር ቁጥሩ ከፍ ይላል። የጠገራው ጠርዝም ይመሰክራል፤ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለው፤ ቀልጦ በፈሰሰ ሐሰተኛ ላይ ያ ጽሑፍ ደብዛዛ ነው፣ አንዳንዴም የመጋጠሚያው መስመር ይታያል።

ፎቶ ላይ የሚያብለጨልጭ የድሮ ብር ሊያስጠረጥር ይገባል። ሻጮች ለገበያ ሲያዘጋጁ በሎሚና በአመድ፣ ወይም በጥርስ ሳሙና ይፈትጉታል። ለጌጥ ደግ ነው፤ ሰብሳቢ ግን የሚከፍለው ዕድሜ ላመጣበት ለዚያ ጥቁር ሽበት ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ሳንቲም ከ1 እስከ 70 በሚሄድ መለኪያ ደረጃ የሚሰጡ፣ በፕላስቲክ የሚያሽጉ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉ የአሜሪካ ድርጅቶች አሉ። ለተራ ጠገራ ግን የደረጃው ክፍያና የመላኪያው ወጪ ከሳንቲሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሕጉ

ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የተመቱት የአክሱም ሳንቲሞች ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው። በውጭ ጨረታዎች ላይ ይታያሉ፤ በአገር ውስጥ ቡድን ‹ከመሬት የወጣ› ተብለው ሲለጠፉ ግን ሻጩም ገዢውም ሕግ ፊት ነው የቆሙት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። የምኒልክን ወይም የኃይለ ሥላሴን ሳንቲም ወደ ውጭ ለመላክ ያሰበም ሰው ጨረታውን ከመክፈቱ በፊት እዚያ ጎራ ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ከተሸጠ በኋላ ኤርፖርት ላይ ከሚጠየቅ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨረታ ወጥቶ ገዢ ያጣ ሳንቲም መድረሻው የታወቀ ነው። የተበሳው፣ ጆሮ የተበየደለት፣ ፊቱ የጠፋው ጠገራ በግራም ተመዝኖ ወደ አንጥረኛ ይሄዳል፤ ከዚያ የአንገት መስቀል ሆኖ ይወጣል።