የችግር ሽግሽግ ምንድን ነው?

ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት። ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ መንገድ ነጋዴዎች ማታ ማታ በራቸው ላይ ስለሚቆሙ ሴተኛ አዳሪዎች አቤት አሉ። አፈሳ ተደረገ። ወዲያው አንድ አዋቂ ብቅ አለና «ይሄ እኮ ሽግሽግ ነው፤ የደቻቱን ወንዝ እዚህ ብትገድበው በዚያ ይወጣል» አለ። ሰው ሁሉ «እውነቱን ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኔ ነው።

አንድ ቦታ ላይ እርምጃ ሲወሰድ ችግሩ ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ሌላ ሰዓት ወይም ወደ ሌላ አሠራር ሲዞር ሽግሽግ ይባላል። ይህን ያህሉን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ሽግሽግ ልክ ያለው ነገር መሆኑ ነው። ከአስሩ ስምንቱ ሊዞር ይችላል። ሁለቱ ብቻም ሊሆን ይችላል። ጨርሶ ላይዞርም ይችላል። ስንቱ ዞረ? ወዴት? ለስንት ጊዜ? እነዚህ ሳይመለሱ «ሽግሽግ ነው» ማለት ምንም እንዳለማለት ነው።

በእርግጥ ሙልጭ ብሎ የዞረበት ጊዜ አለ። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 ፖሊስ አንድ የታወቀ የምሽት ክበብ ዘጋ። ቤት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሴቶች ዌስት ኤንድ የሚባለው ሰፈር ጎዳና ላይ ወጡ። ነዋሪው ጮኸ። በ1984 ፍርድ ቤት ከዚያም እንዲለቁ አዘዘ። ማውንት ፕሌዛንት ወደሚባለው ሰፈር ሄዱ፣ ጩኸቱም ተከትሏቸው ሄደ። የእኛ አዋቂ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር።

ግን አሜሪካ ውስጥ ጀርዚ ሲቲም አለች። እዚያ ፖሊስ የጎዳና ወሲብ ንግድ የሚበዛበትን አንድ አካባቢ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። አጥኚዎች ደግሞ ዙሪያውን ያሉትን መንገዶች ይከታተሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤት እንደሚለው ዙሪያው አልባሰበትም። እንዲያውም ተሻሽሎ ተገኘ። ሴቶቹ ለምን እንዳልሄዱ ሲጠየቁ መልሳቸው ቀላል ነበር። አዲሱን ቦታ አያውቁትም፤ እዚያ ሌሎች ሴቶች አሉ፤ ደንበኛም አያገኛቸውም። ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ በሚባለው ሰፈርም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፖሊስ ከመቆጣጠሩ በላይ መንገዶቹ ተዘጋግተው መኪና ይዞ መዞር እንዳይቻል ተደረገ። ንግዱ ቀነሰ፣ ወደ ጎረቤት የዞረውም ጥቂት ነበር። (ይህን ገልብጦ ድሬ ላይ መለጠፍ አይቻልም። እኛ ጋ ደንበኛው የሚመጣው በባጃጅና በእግሩ ጭምር ነው። ባጃጅ የማይገባበት ቀዳዳ ደግሞ የለም።)

ደቻቱ ከተነሣ አይቀር በደንብ እናንሣው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ላይ ደጋው ሲዘንብ ነው፣ ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ በሌሊት እንደመጣው። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ግድብ ሠርቶ ዝናቡን የሚረሳ ሰው ተሳስቷል። የገጠሩ ችግር፣ ደላላው፣ ሥራ የጠፋበት ከተማ፣ እነዚህ ናቸው ዝናቡ። ከዚያ ደግሞ ውሃው ሁሉ ላይ ላዩን አይሄድም። የተወሰነው አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ መሆኑን አንርሳ፤ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ወደ ፔንሲዮንና ወደ ስልክ የገባችው ሴት የሰረገችው ናት። «መንገዱ ጸዳ» የሚለው ባለሥልጣን አይቆጥራትም። «ወደሚቀጥለው ሰፈር ሄደች» የሚለው አዋቂም አይቆጥራትም። ምሳሌው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃ አይመርጥም። እሷ ግን ትመርጣለች። የሚያውቃት ባጃጅ ሾፌር አለ፣ በር የሚከፍትላት አከራይ አለ፣ ቋሚ ደንበኛ አለ። እነዚህን ጥሎ መሄድ ገንዘብ ማጣት ነው።

ነጋዴውስ? አዋቂው «ነጋዴው ተጎዳ» ሲል ስለ አንድ ሰው የሚያወራ ይመስለዋል። ድሬ በቀትር ትተኛለች፤ ሰው የሚወጣው ፀሐይ ስትበርድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሱቅ ማታ ቢቀዘቅዝ የቀኑ ገበያ ይክሰዋል። እዚህ ግን ማታው ራሱ ነው ገበያው። ስለዚህ ልብስ ሰፊው፣ ኮስሞቲክስ ሻጯ፣ ጁስ ቤቱ በእርግጥ ይጎዳሉ። ልጅ የያዘ ቤተሰብ መንገድ ይቀይራል። ከሥራ የምትመለስ ሴት መኪና ቆሞ «ስንት ነው?» ይላታል፤ በማግስቱ በዚያ አታልፍም። ጠዋት ደጅ የሚጠርገው ልጅ ምን እንደሚጠርግ ይታወቃል። በዚያው መንገድ ላይ ግን ግሮሰሪው፣ ፔንሲዮኑ፣ ሲጋራና ማስቲካ አዟሪው፣ ባጃጁ ከዚሁ ማታ ይበላሉ። ከአፈሳ በኋላ ገበያ ቀዘቀዘብን የሚሉት እነዚህ ናቸው። ስለ ኪራይ ደግሞ አትጠይቁኝ። ሰው ግብር ፈርቶ ኪራዩን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ «የሰፈሩ ኪራይ ወረደ» የሚል አኃዝ ስሰማ እጠራጠራለሁ። መብራቱ የጠፋውና ሱቁ የተዘጋውስ ሴቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን መዝግቦ የያዘ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

አፈሳ ከእርምጃዎች ሁሉ ሽግሽግ ለመፍጠር የሚመች ነው፤ ምክንያቱም ቦታውን አይነካም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን ነው። ገላዋን የሸጠችው ራሷ በዚያ አንቀጽ ወንጀለኛ አይደለችም። ስለዚህ የታፈሰችው ብዙ ጊዜ ትለቀቃለች። የቤት ኪራይ ውዝፍ ይዛ ትመለሳለች፤ ዘግይታ ትወጣለች፤ ጨለማ ትመርጣለች፤ ደንበኛውን አይታ ለመመዘን ጊዜ የላትም። ኮንዶም የሚያድሉትና የኤች አይ ቪ ምርመራ የሚያደርጉትም ያጧታል። ይህ የሰዓትና የአሠራር ሽግሽግ ነው። «ወዲያኛው ሰፈር» ብቻ የሚያይ ሰው አያገኘውም።

ስለዚህ ሽግሽግ አለ ለማለት የሚፈልግ ይቁጠር። ከእርምጃው በፊት ያልቆጠረ፣ በኋላ የሚያወዳድረው ነገር የለውም። መንገዱን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ብቻ ሳይሆን ሌሊት ስድስት ሰዓትም ይቁጠር። የፔንሲዮኖቹን ዘበኞችም ያነጋግር፤ ከቀበሌ የበለጠ ያውቃሉ። ደመወዝ የወጣበትን ሳምንት ካልወጣበት ጋር አያወዳድር። ሁዳዴና ረመዳን ላይ ደግሞ ባይቆጥር ይሻላል፤ ያኔ የድሬ ማታ ራሱ ሌላ ነው።