ለኢንዶሜትሪዮሲስ በቦታው የሚሰጥ መድኃኒት ምንድን ነው?

በቦታው የሚሰጥ ሕክምና የሚባለው፣ መድኃኒቱ ከደም ጋር መላ ሰውነትን ከሚያዳርስ ይልቅ ሕመሙ ባለበት አካል ላይ ወይም አጠገቡ ተቀምጦ በአብዛኛው እዚያው እንዲሠራ የሚደረግበት ዘዴ ነው።

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ በተለይም በኦቫሪ (በእንቁላል ማመንጫው) እና በሆድ ዕቃ ገበር ላይ የሚያድግበት ሕመም ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ የሚሆኑትን፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን ገደማ፣ እንደሚይዝ ይገምታል። ሕብረ ሕዋሱ የሚያድገው በኢስትሮጅን ስለሆነ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ይህን ሆርሞን ይቀንሳሉ፤ ችግሩ አጥንትም የሚጠነክረው በዚሁ ሆርሞን መሆኑ ነው። በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤላጎሊክስ የተባለ የዚህ ዓይነት እንክብል በከፍተኛ መጠኑ ሲወሰድ ከ6 ወር እንዳያልፍ የተገደበው አጥንት እንዳይሳሳ ተብሎ ነው።

በቦታው ከሚሰጡት መካከል በሰፊው የሚታወቀው ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሆርሞን ያለው ሉፕ ነው። ሌቮኖርጀስትሬል የተባለውን ሆርሞን 52 ሚሊግራም የያዘው ሉፕ መጀመሪያ ላይ በቀን 20 ማይክሮግራም ገደማ ይለቃል፤ ይኸው ሆርሞን ባለበት የተለመደ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ውስጥ ግን የአንድ ቀን መጠኑ 150 ማይክሮግራም ነው። ይሁንና ከሉፑም ጥቂቱ ወደ ደም መግባቱ ስለማይቀር «በቦታው» የሚለው ቃል የመጠን ጉዳይ እንጂ ፍጹም አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ለቃሉ የሚቀርበው ሕመሙ በኦቫሪ ላይ የሚፈጥረው ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) ሕክምና ነው፦ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ ቀጭን መርፌ ያስገባና፣ ቸኮሌት የመሰለውን ወፍራም አሮጌ ደም ቀድቶ፣ በምትኩ አልኮል ይሞላል፤ ከደቂቃዎች በኋላም አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይቀዳዋል። አልኮሉ የሲስቱን የውስጥ ሽፋን ያደርቃል፣ ኦቫሪውም ከቢላ ይተርፋል።

በሆድ ገበር ላይ ለተበተነው ሕመም ግን ይህ አይሆንም፤ እዚያ የሚፈስ መድኃኒት ቶሎ ወደ ደም ተመጥጦ ይጠፋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ቀስ እያሉ የሚለቁ ጄሎችንና ናኖ ቅንጣቶችን (በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ብናኞችን) በአይጦች ላይ ይሞክራሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ አብዛኞቹ አይጦች የወር አበባ ስለማያዩ ሕብረ ሕዋሱን ሆዳቸው ውስጥ የሚተክለው ራሱ ተመራማሪው ነው፤ የት እንዳለም አስቀድሞ ያውቃል። በሴቲቱ ሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን እድገቶች ግን በአልትራሳውንድ እንኳ ብዙ ጊዜ አይታዩም።